ላዩ ኩርሽም የሚል፣ ውስጡ የማይደርቅ የአሳ ፊሌቶ በኦቨን

አሳ ቶሎ ይበስላል። ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው ፊሌቶ የጋለ ኦቨን ውስጥ ከገባ ከ10 እስከ 12 ደቂቃ ይበቃዋል። ላዩ ላይ የምንነሰንሰው የዳቦ ፍርፋሪ ግን በዚህ ጊዜ ውስጥ አይቀላም። ጣጣው ያለው እዚህ ጋ ነው። ፍርፋሪው እስኪቀላ ከጠበቅን አሳው ይደርቃል። አሳው እንደደረሰ ካወጣነው ደግሞ ፍርፋሪው ነጭ እንደሆነና እንደራሰ ይቀራል።

መፍትሔው ፍርፋሪውን ለብቻው መጥበሻ ላይ አስቀድሞ ማቅላት ነው። ያኔ ኦቨኑ የሚቀረው ሥራ አሳውን ማብሰል ብቻ ይሆናል። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ በዚህ ላይ የቆመ ነው። ሌላው ትልቁ ነገር እርጥበት ነው። ውሃ ባለበት ኩርሽም የሚል ነገር የለም።

አሳውን ስትመርጡ

ሀዋሳ፣ ባሕር ዳር፣ ባቱ ወይም አርባ ምንጭ ያላችሁ ታድላችኋል፤ ከሐይቁ የወጣውን በዚያው ቀን ታበስላላችሁ። ለዚህ አሠራር እኔ የምመርጠው ቆሮሶን ነው። ሥጋው ነጭ ነው፣ ጣዕሙ አይከብድም፣ ከላዩ የሚደረገውን ቅመም ሁሉ ይቀበላል። ውጭ አገር ሱፐርማርኬት ውስጥ ቲላፒያ ተብሎ የሚሸጠው ያው የቆሮሶ ወገን ነው። እስራኤል ያላችሁ ደግሞ አምኑን በሚለው ስም ታገኙታላችሁ።

ከአባያና ከጫሞ የሚመጣው ናይል ፐርች ወፍራም ስለሆነ ለኦቨን በጣም ይመቻል፤ ጊዜውን ብቻ ጨመር ማድረግ ነው። ሳልሞንም ይሆናል፣ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ያላችሁ በሃሙር ብትሠሩትም ያምራል። አምባዛም ይሠራል። እንግዳ ከጠራችሁ ግን፣ ቅርፊት ስለሌለው በእምነታቸው የተነሳ አምባዛ የማይበሉ ሰዎች ብዙ ናቸውና አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ሙሉ አሳ ገዝታችሁ የምታስወጡ ከሆነ ሒሳቡን እወቁት። ከቆሮሶ የሚወጣው ፊሌቶ ከጠቅላላ ክብደቱ ሲሶ ገደማ ነው። ሁለት ኪሎ ሙሉ አሳ ከ600 እስከ 700 ግራም ፊሌቶ ይሰጣችኋል፤ ለአራት ሰው ይበቃል። ጭንቅላቱንና አጥንቱን ትታችሁ እንዳትመጡ። የአሳ ሾርባ የሚጣፍጠው በእሱ ነው።

ትኩስነቱን ለማወቅ ከጭንቅላቱ ጎን ያለውን ክዳን ገለጥ አድርጉት። ውስጡ ደማቅ ቀይ ከሆነ ጥሩ ነው፤ ወደ ቡኒ ከሄደ ተዉት። ዓይኑ ጉልህና ጥርት ያለ ይሁን። ፊሌቶ ከሆነ ደግሞ በጣታችሁ ጫን አድርጉት። ጉድጓዱ ወዲያው ከሞላ ትኩስ ነው። ጣታችሁ ያለፈበት ቦታ ሰርጎ ከቀረ፣ ጠርዙ ቢጫ ካወጣ ወይም ሽታው ገፍቶ ከመጣ ሌላ ሱቅ ሂዱ።

በረዶ የሆነ ከገዛችሁ ከምሽቱ ጀምሮ ፍሪጅ ውስጥ ይቅለጥ። ጠረጴዛ ላይ አታሳድሩት። አየር በሌለው ፕላስቲክ ታሽጎ የመጣ ከሆነ እየቀለጠ ሳለ ፕላስቲኩን ቅደዱለት ወይም አውጡት፤ አየር በሌለበት የሚራቡ አደገኛ ባክቴሪያዎች አሉ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች፣ ለአራት ሰው

ከ600 እስከ 700 ግራም ፊሌቶ፣ ቆዳው የተገፈፈ። 100 ግራም ገደማ የትናንት የፉርኖ ዳቦ። ሦስት የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ ለትሪው ደግሞ ትንሽ ተጨማሪ። ሦስት ፍንካች ነጭ ሽንኩርት። አንድ የሾርባ ማንኪያ ሰሊጥ። አንድ የሻይ ማንኪያ ደረቅ ጦስኝ። አንድ እፍኝ ፐርሰሜሎ፣ በደንብ የደቀቀ። ሁለት ወይም ሦስት ሎሚ። ግማሽ የሻይ ማንኪያ ሚጥሚጣ። ሁለት የሾርባ ማንኪያ ወፈር ያለ ሰናፍጭ። አንድ የሻይ ማንኪያ አዋዜ። ጨው።

እንቁላል፣ ወተትና ቅቤ አልገባበትም። በጾም አሳ የሚበሉም የማይበሉም ስላሉ እሱን ለየቤቱ ትቼዋለሁ፤ ለሚበሉት ግን እንዳለ ይሆናል። በፍስክ ቀን ከዘይቱ አንዱን ማንኪያ በንጥር ቅቤ መተካት ትችላላችሁ። ፍርፋሪውን ግሩም አድርጎ ያቀላዋል። ሙሉ በሙሉ በቅቤ ከሆነ ግን የቅቤው ቅመም አሳውን ይውጠዋል። ፎርማጆ የምትወዱ ሁለት የሾርባ ማንኪያ የተፈቀፈቀ ፎርማጆ ፍርፋሪው ከቀዘቀዘ በኋላ ቀላቅሉበት።

አሳውን ማዘጋጀት

መጀመሪያ እሾሁን ፈልጉ። ፊሌቶውን ሰሌዳ ላይ አስተኙና ጣታችሁን ከጭራው ወደ ጭንቅላቱ በኩል በመሐሉ አስኬዱት። የሚወጋ ነገር ካገኛችሁ በወረንጦ ያዙና ወደ ጭንቅላቱ አቅጣጫ ሳቡት። ወደ ላይ ከነጠቃችሁት ሥጋውን ይዞት ይወጣል። ልጆች የሚበሉት ከሆነ ይህን ሥራ ሁለቴ ሥሩት።

ከዚያ የቆሮሶውን ቅርጽ እዩት። መሐሉ ላይ ከላይ እስከ ታች የሚወርድ መስመር አለ። በአንድ በኩል ያለው ግማሽ ወፍራም ነው፣ በሌላው በኩል ያለው ስስ ነው። ሁለቱ እኩል አይበስሉም። ወፍራሙ እስኪደርስ ስሱ ይደርቃል። ስለዚህ ወይ መስመሩን ተከትላችሁ ለሁለት ቁረጡትና ስሱን ቀድማችሁ አውጡት፣ ወይ ስሱን ክፍል ከሥር አጥፉት። እኔ ማጠፉን እመርጣለሁ፤ ሳህን ላይም ያምራል። የጭራውን ጫፍም እንደዚሁ ወደ ሥር ማጠፍ ነው።

ስለ ሎሚ አንድ ነገር ልበል። አሳን በሎሚ ማሸት ብዙ ቤት የተለመደ ነው፤ ምክንያትም አለው። የሐይቅ አሳ አንዳንዴ የሚያመጣው የአፈር ሽታ ጂኦስሚን ከሚባል ነገር ይመጣል። ውሃው ውስጥ ያሉ ረቂቅ ሕዋሳት ይሠሩታል፣ የአሳው ሥጋም ያከማቸዋል። የሎሚ አሲድ ይህን ሽታ ይቀንሰዋል። ነገር ግን አሳው በሎሚ ተዘፍዝፎ ከቆየ ላዩ ነጭ ይሆናል። ያ ማለት ያለ እሳት መብሰል ጀምሯል ማለት ነው። ኦቨን ውስጥ ሲገባ ውሃውን ይለቃል፣ ሥጋውም ፍርክስክስ ይላል። ስለዚህ ሽታ ካለው በሎሚ አሸት አሸት አድርጋችሁ ወዲያው አለቅልቁት። ሽታ ከሌለው ለሎሚው የሚሆን ጊዜ መጨረሻ ላይ አለ።

አሁን ጨው። በሁለቱም በኩል በጠቅላላው አንድ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ ጨው ነስንሱበትና 15 ደቂቃ አቆዩት። ላዩ ላይ ጠብ ጠብ ያለ ውሃ ታያላችሁ። ጨው የሳበው ነው። በንጹሕ ጨርቅ ወይም በወረቀት ፎጣ ተጭናችሁ አድርቁት። ገልብጡና ሌላውንም ወገን አድርቁ። ጣታችሁን ላዩ ላይ ስታሳርፉት ያዝ የሚያደርግ እንጂ የሚያንሸራትት መሆን የለበትም። ከአሠራሩ ሁሉ ሰዎች የሚቸኩሉበት ይህ ነው። እባካችሁ እዚህ ላይ አትቸኩሉ።

ፍርፋሪው

የትናንቱን ዳቦ ቆራርጣችሁ በብሌንደር ፍጩት፤ ከሌለ በመፈቅፈቂያ ፈቅፍቁት። አታድቅቁት። ዱቄት ከሆነ ዘይቱን ጠጥቶ ይለጠፋል እንጂ ኩርሽም አይልም። አንዳንዱ የምስር ክክ፣ አንዳንዱም የአተር ክክ የሚያክል ቢሆን ጥሩ ነው። ትልልቁ ይንኮሻኮሻል፣ ትንንሹ ክፍተቱን ይሞላል። ጣፋጭ ዳቦ አትጠቀሙ፤ ስኳሩ ቶሎ ያርራል።

ሰፋ ያለ መጥበሻ መካከለኛ እሳት ላይ ጣዱ። ዘይቱ ሲሞቅ ፍርፋሪውን ጨምሩና በእንጨት ማንኪያ ሳታቋርጡ አማስሉት። መጀመሪያ ዝም ይላል። ከሁለት ከሦስት ደቂቃ በኋላ ድምፁ ይቀየራል። መጥበሻውን ስታወዛውዙት የሚሻክር የደረቀ ድምፅ ይሰጣል። ያኔ ሰሊጡን ጨምሩ። ፍርፋሪው ወርቃማ መሆን ሲጀምር የደቀቀውን ነጭ ሽንኩርትና ጦስኙን ጨምራችሁ አንድ ደቂቃ ብቻ አማስሉና አውጡት።

ቅደም ተከተሉ እንዲሁ የመጣ አይደለም። ነጭ ሽንኩርቱ ከመጀመሪያው ቢገባ ዳቦው ሳይቀላ እሱ ያርርና ይመራል። ሚጥሚጣው ደግሞ እሳት ላይ መግባት የለበትም። ቤቱን ሙሉ ያስነጥሳል፣ ጣዕሙም ይበላሻል። ፍርፋሪውን ወዲያው ወደ ሰፊ ሳህን ገልብጡት፤ መጥበሻው ላይ ከተዋችሁት በመጥበሻው ግለት መጥቆሩን ይቀጥላል። ሲቀዘቅዝ ሚጥሚጣውን፣ ፐርሰሜሎውንና የአንድ ሎሚ ልጣጭ ፍቅፋቂ ቀላቅሉበት። ከልጣጩ የምትፈልጉት ላይኛውን አረንጓዴና ቢጫ ክፍል ብቻ ነው፤ ነጩ ይመራል። ጨው ከመጨመራችሁ በፊት ቅመሱት። ሚጥሚጣው ራሱ ጨው አለው፣ አሳውም ጨው በልቷል።

ዳቦ መብላት የማይስማማችሁ፣ ወይም ሌላ ጣዕም የምትፈልጉ፣ በድርቆሽ ሞክሩት። በደንብ የደረቀ የጤፍ ድርቆሽ ሙቀጫ ውስጥ ከስከስ አድርጉት። መጥበሻ ላይ የሚፈልገው ከዳቦው ያነሰ ጊዜ ነው፤ ሁለት ደቂቃ ይበቃዋል። ያ ቆምጠጥ ያለ ጣዕሙ ከአሳ ጋር ሲገናኝ በጣም ደስ ይላል። ውፍረቱ ላይ ብቻ ተጠንቀቁ፤ ወፋፍራም ቁራጭ ከቀረ ጥርስ ያስቸግራል።

ማጣበቂያው

ፍርፋሪው እንዲሁ ከተበተነ ሲቆረጥ ይረግፋል። ሰናፍጩንና አዋዜውን ለውሳችሁ በአሳው ላይ በማንኪያ ጀርባ ቀቡት። ስስ ይሁን፤ የአሳው መልክ ከሥሩ መታየት አለበት። ወፍራም ከሆነ ፍርፋሪው ከሥሩ ይርሳል። ሰናፍጩ ቀጭን ከሆነባችሁ ሱቅ የሚሸጠውን ማስተርድ ተጠቀሙ። በፍስክ ማዮኔዝም ይሆናል።

አዋዜ የምለው በርበሬውን ፍርፋሪው ውስጥ ላለመጨመር ነው። ደረቅ በርበሬ ላይ ሆኖ የኦቨኑ ሙቀት ሲመታው ይጠቁርና ይመራል። ከሥር ከሆነ ግን ተሸፍኖ ይበስላል፣ ጣዕሙም ወደ አሳው ይወርዳል።

ወደ ኦቨን

ኦቨኑን 210 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ አድርጋችሁ ቢያንስ 15 ደቂቃ ይጋል። ትሪውም ባዶውን አብሮ ይጋል። ይህ የአሳውን ሥር ከመርጠብ ያድነዋል። የሽቦ ፍርግርግ ካላችሁ ደግሞ ትሪው ላይ አድርጋችሁ አሳውን በላዩ አሳርፉት፤ እንፋሎቱ ከሥር ይወጣል። አሳው እንዳይይዝ ሽቦውን ዘይት ቀቡት። ከሥር ቲማቲም ወይም ሽንኩርት መደርደር እዚህ ጋ አይመከርም። ውሃቸውን ይለቃሉ፣ አሳውም ይቀቀላል።

ፊሌቶውን ማጣበቂያውን ቀብታችሁ፣ ፍርፋሪውን ከላይ ከምራችሁ በመዳፋችሁ ለስለስ አድርጋችሁ ጫኑት። ጎኑን መሸፈን አያስፈልግም። ትሪውን አውጡ፣ ዘይት ቀቡት፣ አሳዎቹን እንዳይነካኩ አራርቃችሁ ደርድሩና ወደ መሐለኛው መደርደሪያ መልሱት። ፎይል አትሸፍኑ።

ሁለት ሴንቲ ሜትር ለሚሆን ቆሮሶ ከ10 እስከ 12 ደቂቃ ነው። ሦስት ሴንቲ ሜትር ለሚደርስ ናይል ፐርች 200 ዲግሪ ላይ ከ15 እስከ 18 ደቂቃ ስጡት። ፍርፋሪው ቀድሞ እየጠቆረ ከመጣ ትሪውን አንድ ደረጃ ዝቅ አድርጉት። የጋዝ ኦቨን እሳቱ ከሥር ብቻ ስለሚመጣ ደግሞ መጨረሻ ላይ ሁለት ደቂቃ ላይኛው መደርደሪያ ላይ አውጡት።

ኤር ፍራየር ያላችሁ 190 ዲግሪ ላይ ከ8 እስከ 10 ደቂቃ ይበቃችኋል። ማራገቢያው ፍርፋሪውን ስለሚያበንን ጠበቅ አድርጋችሁ ጫኑት፣ ላዩ ላይም ትንሽ ዘይት ጠብ አድርጉበት።

ፍርፋሪውን አስቀድመን ያቀላነው ለምን እንደሆነ እዚህ ጋ ይገባችኋል። ዳቦ መቅላት የሚጀምረው ወደ 140 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ነው። እርጥበት እስካለው ድረስ ግን ሙቀቱ ውሃ ከሚፈላበት ብዙም አያልፍም። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። አሳው ደግሞ ውስጡ 63 ዲግሪ ሲደርስ በስሏል። ያልተጠበሰ ፍርፋሪ እስኪደርቅና እስኪቀላ አሳው ከዚያ ብዙ አልፎ ይሄዳል።

መድረሱን ማወቅ

ቴርሞሜትር ካላችሁ ወፍራሙ ቦታ ላይ ውጉት፤ 60 ሲል አውጡት፣ ውጭ ሆኖ 63 ይደርሳል። ከሌላችሁ በሹካ ወፍራሙን ቦታ ከጎን ገፋ አድርጉት። ሥጋው በንጣፍ በንጣፉ ከተላቀቀና ውስጡ ብርሃን የሚያሳልፍ መልኩን ትቶ ነጭ ከሆነ ደርሷል። መሐሉ ላይ ገና የሚያብረቀርቅና የሚንቀጠቀጥ ነገር ካለ ሁለት ደቂቃ ጨምሩ። ነጭ ፈሳሽ በብዛት ወጥቶ ከረጋ ደግሞ ትንሽ ቆይቶበታል፤ ለሚቀጥለው ጊዜ ሁለት ደቂቃ ቀንሱ።

ኦቨን ከሌለ፣ ወይም መብራት ከሄደ

በጋዝ ወይም በከሰል ይሠራል፤ ቅደም ተከተሉ ግን ይገለበጣል። ፍርፋሪውን እንደተባለው አዘጋጅታችሁ ለብቻው አስቀምጡ። ወፍራም መጥበሻ በዘይት አግሉና ያደረቃችሁትን አሳ አስተኙበት። ለሦስት ደቂቃ አትንኩት። ሥሩ ሲቀላ እሳቱን ቀንሱና ክደኑት፤ እንፋሎቱ ላዩን ያበስለዋል። ለቆሮሶ አራት ደቂቃ ገደማ ነው። ከዚያ ክዳኑን አንሱ፣ ሰናፍጩንና አዋዜውን ቀቡ፣ ፍርፋሪውን አሁን ከምሩበት። ከዚህ በኋላ አትክደኑት። ክዳን ሥር የገባ ፍርፋሪ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ይረጥባል። የኦቨኑን ያህል አይጣበቅም፤ ኩርሽም ማለቱ ግን አይቀርም።

ሲቀርብ

ከኦቨን ሲወጣ ሁለት ደቂቃ ይረፍ። ሎሚውን ቆርጣችሁ በጎን አቅርቡት። ከላይ አስቀድማችሁ አትጭመቁበት፤ እያንዳንዱ ሰው ሊጎርስ ሲል ጠብ ያድርግ። ድስቱን ከድኖ እንግዳ መጠበቅ ለወጥ ይሆናል፣ ለዚህ ግን አይሆንም። ሰው ሁሉ ከተሰበሰበ በኋላ ኦቨን ውስጥ አስገቡት። ፍርፋሪውን ጠዋት ብትሠሩት፣ አሳውን አድርቃችሁ ፍሪጅ ውስጥ ብታቆዩት፣ የቀረው የ15 ደቂቃ ሥራ ነው።

አጠገቡ አረንጓዴ ዳጣ ካለ ሌላ ማባያ አልፈልግም። የሰላጣ ቅጠል፣ የተቀቀለ ድንች ወይም ሩዝ ይስማማዋል። መረቅ ያለው ነገር ካለ በሌላ ሳህን ይሁን።

የተረፈውን በሁለት ሰዓት ውስጥ ፍሪጅ አስገቡና በሁለት ቀን ውስጥ ጨርሱት። ስታሞቁት ኦቨን 160 ዲግሪ ላይ፣ ሳትሸፍኑ፣ ውስጡ እስኪግል ድረስ፤ 10 ደቂቃ ያህል ይበቃል። ማይክሮዌቭ ፍርፋሪውን ያረጥበዋል። ከፍርፋሪው የተረፈ ካለ ክዳን ባለው ዕቃ ፍሪጅ ውስጥ ጥቂት ቀን ይቆያል። ፓስታ ላይ ነስንሱት፣ ወይም የተቀቀለ ጎመን ላይ።